ዘጠነኛው ድምፅ

ሠላሳ አንድ ሲቀንስ፣ ዜሮን ቁልቁል አልፎ፣
ታክሲው ሁሉ ቆሟል በረዶ ላይ ተሰልፎ፤
ካልጋሪ አየር ማረፊያ፣ ከማሞቂያው ሥር፣
ዘጠኝ ሰው ተፋጠን፣ የማያልቅ ክርክር፦

«በዓለም ላይ ካሉት፣ ዛሬ ከሚተነፍሱት፣
ታላቁ ስፖርተኛ ማን ነው? በሉ ቁረጡት!»
ደንባችን ሁለት ነው፦ የሞተ አይቆጠርም፤
ድምፅ በዶናት መግዛት ከቶ አይፈቀድም።

ጉርሚት ጥምጣሙን አቅንቶ ተነሣ፦
«ሆኪ ያላየ ሰው ስለ ጀግና አያንሣ!
ሦስት ጥርሱ ረግፎ ጎል ካስቆጠረ ሰው
በቁምጣ የሚሮጥ ምኑን ሊተካከለው?»

ዘርጋው ቱግ አለ፣ ሻዩ ተደፋበት፦
«ሃያ አምስት ዙር ነው! በል ቁጠር በጣትህ፤
አንተ ከዚህ እስከ በር ይቆማል ትንፋሽህ።»

አብዲራሽድ ሳቀና በቡጢ አየር መታ፦
«ሯጭ ሲሸነፍማ ተኝቶ ይበረታ፤
ቦክሰኛ ሲሸነፍ የእናቱን ስም ይረሳል፤
ታላቅ ማለት እሱ ነው፣ ነገም ይመለሳል።»

ወይንሸት ከጥግ፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ እንደተከለች፦
«ወልዳ በዓመቷ ዋንጫ ካነሣችዋ ማን ትበልጣለች?»
ዝም አልን ለትንሽ።
ከዚያ እንደገና ጩኸት።

ከሦስት ሳምንት ሙግት ሁለት ስም ተረፈ፤
ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ «አራት ለአራት» ተጻፈ።
የቀረው ሽብሩ ነው፤ ጓንቱን ማሞቂያ ላይ ያገላብጥ ነበረ፤
«ተናገር!» አልነው። «አራት ሺህ አሥራ ሰባት» ብሎ ጀመረ።

«በግንቦት ማራቶን፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣
ታክሲዬን ተከራዩ፣ የደከመ ላነሣበት።
አሥራ አንድ ሰው ጫንኩ፤ አንዱ አስታወከብኝ፤
አንዷ ግን እንቢ አለች፣ በሩን ዘጋችብኝ።
ስድሳን ያለፈች፣ ከባድ፣ ጉልበቷ በፋሻ፣
አሥር ኪሎ ሜትር ሲቀራት ለመጨረሻ።
ግቢ እላታለሁ። ሂድ ትለኛለች።
ትቆማለች፣ ታነክሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።
መንገዱን ከፈቱት፣ ኮኑን ሰበሰቡ፣
መኪኖች ከኋላዬ ጡሩምባ አስተጋቡ፤
እኔ የአደጋ መብራት አብርቼ፣ በእግር ፍጥነት፣
ሁለት ሰዓት ከሩብ ተከተልኳት፣ ሜትሩን አጥፍቼላት።

ስንደርስ ሁሉ ፈርሷል፤ ቅስቱ ተጠቅልሎ፣
አንድ ልጅ ብቻ ቀርቷል፣ ሙዝ ይዞ፣ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ።
የሌለውን መሥመር በዓይኗ አሰመረች፤
አለፈችው።
ሙዙን ተቀበለች።
ዞራ በመስኮቴ፣ ‹ስንት ነው?› አለችኝ።
‹ሜትሩ ጠፍቷል› አልኳት።
ሙዙን ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ።»

«ስሟስ?» አለ ዘርጋው። «አላውቅም።»
«በሕይወት አለች?» አለ ጉርሚት። «እሱንም አላውቅም።»
«እንግዲያ በደንቡ...» ብሎ ጀምሮ ተወው፤
ዓይኑን ወደ መስኮቱ፣ ወደ በረዶው መለሰው።

«አምስት መኪና! ቶሎ!» አለ ድምፅ ማጉያው።
ኮት፣ ጓንት፣ ቁልፍ ፍለጋ ሆነ ግርግሩ ሁሉ፤
ወይንሸት ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን ጽፋ ወጣች፣
አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠች።
ጉርሚት በሩ ላይ ቆሞ፣ አፉ ጉም እየተፋ፦
«ሰኞ ይቆጠራል። ሆኪ ግን፣ ሆኪ ነው!»