የመብራቱ ልጆች

በቺሎዌ ደሴት፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ አድሮ፣
አሥራ ሰባት ወጡ፣ ቅርፊት እየሰበሩ፣ ከንጋት ጀምሮ።
ኤዱቪና አንድ በአንድ፣ እርጥብ ላባቸው እስኪደርቅ ጠብቃ፣
ከውሃ አስተዋወቀች፣ ምንቃራቸውን ከሣህኑ አጥልቃ።
አምፖሉን ሲሸሹት ከፍ፣ ሲተቃቀፉ ዝቅ ታደርገዋለች፤
ቴርሞሜትር የላት፣ ከጀርባቸው ላይ ሙቀት ታነባለች።
አንዷ እግሯ ተከፍቶ መቆም ቢያቅታት፣ በፕላስተር ቁራጭ አሰረች ለክታ፤
«ነገ ትሄጃለሽ» አለቻት፣ ሳታምንበት፣ በለሆሳስ፣ ማታ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ደሴቱ በሙሉ።

ኤሪቤርቶ ምድጃው ላይ ማገዶ ጨምሮ
ሣጥኑን አስጠግቶ ተመልሶ ተኛ።
ጩኸቱ ግን ቀጭን፣ መርፌ የሚመስል፣
አሥራ ሰባት መርፌ።
እናት ሰምተው አያውቁ፤
የሚያውቁት የማሽኑን እስትንፋስ ነበር፣
እሱም አሁን የለም።

ዙሪያዋን ቃኘች። አፈረች።
ጉሮሮዋን ጠርጋ፦
«ቁቅ... ቁቅ... ቁቅ...»

ዝም አሉ።

አራት ልጆች አሳድጋለች፤
እንዲህ ባንዴ ያደመጣት አልነበረም።

ጓዳ ውስጥ አልጋው ሲያቃስት ሰማች።
አሁን ይስቅብኛል ስትል፣
ከጨለማው የባሏ ድምፅ መጣ፣ በቁም ነገር፦
«ወፈር አድርጊው እንጂ፤
የእናቴ ዶሮ እንደዚያ አልነበረችም።»