ቃለ ጉባኤ ቁጥር አሥራ ሰባት

ቀኑ እሑድ ነው፤ ሥፍራው ቱሉ ዲምቱ፣
ብሎክ ሃያ ዘጠኝ፣ ከወፍጮው ፊት ለፊቱ።
ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ፣
አራት ተኩል ሆነ ሰው ከቤቱ ወጥቶ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ።
ሥራዬ ማስፈር ነው የተወሰነውን፣
የተነሣውን እጅ፣ የተቆጠረውን።
የቀረው አይጻፍም ይላል መመሪያው፤
ግን ደብተሩ ሰፊ፣
እስክሪብቶው የራሴ፣ ማን ሊቆጣጠረው?

አጀንዳ አንድ፦ የውሃ ፓምፕ መዋጮ።
ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ተነሡ ከወንበር፣
እጃቸው ወገብ ላይ፣ ድምፃቸው እስከ በር፦
«ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ይደክመዋል፤
ቢሉ ግን አራተኛ እየሮጠ ይወጣል!»
ተሳቀ። ተጨበጨበ።
መዋጮው ግን ጸደቀ፣ ያው እንደታሰበ።

አጀንዳ ሁለት፦ የመናፈሻው ስም።
መናፈሻ ስንል፣ ለማያውቅ ልጨምር፣
ተቋራጩ ጥሎት የሄደ ክምር፣
የሲሚንቶ ከረጢት፣ የዛገ ፌሮ፣
አንድ እግር ቦቲ ጫማ በኖራ ተቀብሮ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ማለዳ፣
አካፋ ተሸክመን ወረድን ወደ ሜዳ።
ያልወጣ ሃምሳ ብር ይቀጣል ስንል፣
ኢንጂነር ምንተስኖት
የዓመቱን ቅጣት ባንድ ቀን ቢከፍል፣
ምን አደርጋለሁ፤ ደረሰኝ ቆረጥኩለት፣
የገዛ እንቅልፉን ማኅተም መትቼ ሸጥኩለት።
ግራቪሊያ ተከልን፣ ሦስት ወይራ፣ አንዲት ዋንዛ፤
እሷም በልብስ እጣቢ፣ በጀሪካን ታግዛ
ክረምቱን ጠበቀች።

እና ኦቦ ጋዲሳ።
የሰፈሩ ጥበቃ ናቸው። አባል አይደሉም፤
የቤት ቁጥር የላቸው፣ እጅ አያወጡም።
ጉድጓድ ስንቆፍር፣ ዱላቸውን ተክለው፣
«እዚያ ጋ ይቅርባችሁ፣ ከሥሩ ድንጋይ ነው፤
ማረሻዬን ሁለቴ እዚያ ነው የሰበረው»
አሉ፣ እንደ ዋዛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።
ቆፍረን አየነው። ድንጋይ ነበር።
ማንም «በሬዎቹስ የት ሄዱ?» አላለም።
እኔም አላልኩም።
አሥራ ስድስት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ
አንድ መስመር አልሰጠኋቸውም።

ወደ ስሙ እንመለስ።
«አንድነት ይባል» አለ አንዱ። «የለም፣ ተስፋ!» አለ ሌላው።
ሁሉም የዳቦ ቤት ስም መሰለኝ።
ገንዘብ ያዡ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ባንኩ ሦስት አግዳሚ ወንበር ሰጥቷል፤ በባንኩ ስም ቢጠራስ?»
ይኼኔ ሶልያና፣ የኢንጂነሩ ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ፣
እጇን አወጣች። ለልጅ ድምፅ የለውም ደንቡ፤
ግን ማን ያስቆማታል?
«ኦቦ፣ ጋዲሳ ማለት በአማርኛ ምንድነው?»
ከወንበሮቹ ኋላ እንደቆሙ
ያችን ጉልበት ያልደረሰች ዋንዛ አዩ።
«ጥላ» አሉ።

አንድ ሰው ሳለ። አንድ ወንበር ተንሻተተ።
«ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር፣
ወረዳውም ይጠየቅ» ተብሎ ተወሰነ።

ምረቃው ግን ወረዳን አልጠበቀም።
ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ድንኳን ከእድሩ ተዋስን፣
ባነር አሠራን፤
ስሙ መሆን በነበረበት ላይ
ነፋስ እንዳይገነጥለው ቀዳዳ አበጁለት፣
በዚያ በኩል ሰማይ ይታይ ነበር።
ሰብሳቢው «የተከበራችሁ…» እንዳሉ መብራት ሄደ፤
ንግግሩ እዚያው ቀረ፣ ጀሪካኑ ከበሮ ሆነ።
በገመድ ጉተታ ብሎክ ሠላሳ ጎተተን፤
ኢንጂነር ምንተስኖት፣ ማንም ሳይቀጣው የመጣ፣
በቀዩ ጭቃ ላይ ተንከባሎ ሳቀ፣ ሳቀ፣
ልጁ ስልክ አውጥታ እስክታፍርበት ድረስ።

ይህን ንጹሕ ቅጂ የምጽፈው ከምረቃው ማግሥት ነው፤
ጫማዬ በረንዳ ላይ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው።
የተገኙ አባላት፦ ሠላሳ አራት።
ከሥር አንድ ስም ጨመርኩ፦ ጋዲሳ በዳኔ።
የቤት ቁጥር በሚለው አምድ ጥቂት ቆየሁና
«እዚሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰብሳቢው ሳያነቡ ፈረሙ።
ማኅተሙ አረፈበት።