ትንሽ ናት

ሃያኛ ዓመቴን፥ በሻንጣ ሸክፌ፥
ከባልቲክ ዳርቻ፥ ውቅያኖስ አልፌ፥
ገባሁ ቫልፓራይሶ፥ ዳገት ከሆነች ከተማ፥
ቤት በቤት ትከሻ፥ ቆሞ ባሕር ሊሰማ።

የእኛ አገር ሜዳ ነው፥ ሰማይ ዝቅ ያለበት፥
ኮረብታ የሚባል የድንች ክምር ነው፥ ልጅ የሚወጣበት።
እዚህ ግን ዳቦ እንኳ፥ መቶ ደረጃ አለው፤
ወተቱን ለረሳ፥ ጉልበቱ ነው የሚከፍለው።

አከራዬ ዶን ኤራስሞ፥ ጡረታ የወጣ መርከበኛ፥
በአንድ ጆሮው ይሰማል፥ አንዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተኛ።
ክፍሉን ሲያሳየኝ፥ ሕጉን ነገረኝ በጣቱ እየቆጠረ፦
መስኮቱ አይዘጋም፥ ድመቷ የማንም አይደለችም፥ ሻወሩ ዱሮ ተሰበረ።
«መሬት ስትንቀጠቀጥ» ብሎ፥ አራተኛ ጣቱን ሲያነሳ፥
ስልክ ጮኸና ሄደ፤ አራተኛው ሕግ ተረሳ።

ቋንቋውን ከመጽሐፍ፥ ሪጋ ተምሬ ነበር፥
መጽሐፉ የሚያውቀው፥ ሆቴልና ባቡር።
«ደክሞኛል» ልል ብዬ፥ አንድ ፊደል ከአፌ ቢወድቅ፥
«አግብቻለሁ» ሆነና፥ ዓሣ ገበያው ሞላ በሳቅ፤
ዓሣ ሻጯ ኦርቴንሲያ፥ መረቀችኝ ሁለት ጊዜ፥
አንዱን በአፏ፥ አንዱን በሚዛኗ፥ ገባሁ ሁለቱንም ይዤ።

ቀን የሆስቴል አልጋ አነጥፋለሁ፥ ማታ ብርጭቆ አጥባለሁ፥
እሑድ የማላውቀውን አውቶቡስ ይዤ፥ ወደማላውቀው እጠፋለሁ።
ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ፥ ስንት አገር እንዳየ ይቆጥራል፤
እኔ ያለችኝ አንዲት ዳገት፥ ስንቴ እንደወጣኋት እግሬ ያውቃል።

እናቴ ስትደውል ግን፥ ይህን ሁሉ አልነግራትም፥
«ትበያለሽ ወይ?» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ አትጠይቅም።
ባሕሩን አሳየኋት፥ በስልኬ መስታወት፥
እሷም መስኮት ከፍታ፥ የራሷን አሳየችኝ፥ በረዶ የተኛበት።

በሦስተኛው ሳምንት፥ ሊነጋ ሲል አልጋዬ ሰከረ፥
ሰሃን ከሰሃን ጋር፥ ጥርሱን እያንገጫገጨ ተማከረ።
መቶውን ደረጃ፥ እንደ አንድ ዘለልኩት፥
በሌሊት ልብሴ፥ በባዶ እግሬ፤ ፓስፖርቴን በጥርሴ ነከስኩት።
መንገድ ላይ ቆሜ፥ እንደ እኔ የሚሮጥ ሰው ፈለግኩ፤
አንድ ውሻ አዛጋ። አንድ መብራት ጠፋ። መሬቷ ትታው፥ እኔ ተንቀጠቀጥኩ።

ስመለስ ዶን ኤራስሞ፥ ዳቦ ላይ አቮካዶ ይቀባል፤
ዓይኑ ከፓስፖርቴ ወደ እግሬ፥ ከእግሬ ወደ ፓስፖርቴ ይመላለሳል።
«ትንሽ ናት፥ ኢልሴ» አለኝ። (ስሜ ኢልዜ ነው፤ እንዲያው ቀረ።)
ቢላዋውን ላሰና፥ የተረሳውን ጣት ቆጠረ፦
«አራተኛው ሕግ ይህ ነው፤ ለትንሽ ከበር አይወጣም።
ትልቋ ስትመጣ ግን፥ እግርሽ እኔን አይጠይቅም።»

ያ ጆሮው የተኛው፥ በትልቋ ሌሊት እንደሆነ፥
ኦርቴንሲያ ነገረችኝ፥ ቢላዋዋ ዓሣው ላይ እንደቆመ፥ እንዳዘነ።
ሚስቱ ጠርታው ነበር ይባላል፤ በየትኛው ጆሮው እንደሆነ አይታወቅም፤
እኔም ዝም አልኩ። አከራይና ተከራይ፥ እንዲህ ያለ አይጠያየቅም።

ሰኔ ላይ አዲስ ተከራይ መጣ፥ ዴንማርካዊው ያስፐር፥
ቦርሳው ላይ የዋጋው ወረቀት፥ ተንጠልጥሎ ገና በክር።
እራት ላይ ሳለን መጣች፤ አምፖሉ ዥዋዥዌ ሲጫወት፥
ያስፐር ፓስፖርቱን ትቶ፥ ማንኪያውን ይዞ ጠፋ በቅጽበት።

እጄን አየሁት፦ ኩባያውን፥ ሻዩ እንዳይፈስ ደግፎታል።
መቼ ተማረ? ማን አስተማረው? እኔን ሳያማክር አገር ለምዷል።

ዶን ኤራስሞ የሚሰማ ጆሮውን፥ ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀ፤
ከታች የልጁ ትንፋሽ፥ በደረጃው ወደ ላይ ዘለቀ።
«ትንሽ ናት!» ብዬ ልጣራ፥ በሩ ላይ አፌን ከፍቼ፥
ፓስፖርቱን ይዤ ወረድኩ፥ በባዶ እግሬ፥ ጫማዬን ትቼ።

ጎን ለጎን ቆምን፥ እሱ ከነማንኪያው።
ያው ውሻ አዛጋ።