ኩሽኔታ

ኦሬስት በግራ ጆሮው አይሰማም፤ በቀኙ በኩል ነው የምቀመጥ፣
ወሬው ከመሃል ይጀምራል፣ እንዳረጀ ካሴት ሲቆራረጥ።

"አራት ነበርን" አለኝ፣ "ሃሚልተን፣ ባርተን ጎዳና፣ ከጎሚስታው ሥር፣ ምድር ቤት፣
ኪራዩ በወር አርባ ዶላር፤ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እርጥበት።
ሎርና መዝፈን አትችልም። የፋብሪካውን ደንብ ነበር የምታነብ፦
'ጓንት ሳታጠልቅ አትንካ፤ ቀይ ሲበራ ከመስመሩ ራቅ'፣
አንድ ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ።
ማርጎ ጊታሯን በመጋዝ፣
እኔ በርሜልና ባሌስትራ፣
ቪቶ ቴፑን በምሳ ዕቃ ደብቆ፣ ከአባቱ ጋር ለሥራ
ሲገባ፣ የማሽኑን ጩኸት ቀድቶ ያመጣልናል።"

ስማቸው "ሦስተኛው ፈረቃ"፣
ሰው ሲተኛ የሚነቃ።
ከአራቱ ቅኝት የቱም አይደለም፤ ሰምቼዋለሁ፣ ልመስክር፦
ሞረድ ብረት ሲበላ ነው፣ ጥርስ ከድዱ ጋር ሲማከር።

መጀመሪያ የተጫወቱት በፖላንዶች አዳራሽ፣ የሰው ሠርግ ተሰርዞ፣
አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ሰባቱ ወጣ፤ አንዱ ኬኩን ይዞ።
ቶሮንቶ ሲሄዱ መኪናቸው ጫፍ ላይ ጨሰ፤ በርሜሉን እያንከባለሉ ደረሱ፣
ባለቤቱ ዘግቶ ሄዷል፤ ለመኪና ማቆሚያው ተጫውተው ተመለሱ።

መቶ ካሴት አባዙ። ሽፋኑን ከተጣለ የሰዓት ካርድ ቆረጡት፤
በየካርዱ ከሥራ የተቀነሰ አንድ ሰው፣ ስሙ፣ የገባበት ሰዓት፣
የወጣበት ባዶ ነው።
ስልሳ ሦስቱ ሳይሸጥ ቀረ። አንዱ እኔ ዘንድ አለ፤
"ዘ. ፓቬልቻክ" ይላል፤ ማን እንደሆነ እንጃ፤
ለሰባት ስምንት ጉዳይ ሲል ገብቷል፣
አሁንም እዚያው ነው።

አንድ ማታ ኔስቶሬ፣ የቪቶ አባት፣ ደረጃውን ወረደ፣
ሊቆጣ ነው የመጣ፤ ጎረቤት ከሶ፣ ፊቱ እንደ ፍም ነደደ።
አንድ እግሩ ደረጃው ላይ እንዳለ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።
አንገቱን ሰበረ። ዓይኑን ጨፈነ። ምን እንደነካው ማንም አላወቀ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የዳመጠው ነበር
አሁን ቆሞ ያዳመጠው።

"ይሄማ ሁለተኛው ማሽን ነው" አለ፤ "ግን አበዛችሁት ችኮላ፣
ከሦስት አንዱን ይዘላል እኮ፣ ኩሽኔታው ሲበላ።"

ኩሽኔታ! ኦሬስት ቃሉን ሲጠራው ሳቅ አፈነኝ፤ ምን ተርጓሚ ያሻዋል፣
ጋራዥ ያደገ ሰው ይህችን ጣልያንኛ ከእናቱ ስም ቀጥሎ ያውቃል።

ሽማግሌው መዶሻ ተቀብሎ በርሜሉን መታ፦ ሁለት፤ ዝም።
ሁለት፤ ዝም።

"ሦስት ዓመት ጩኸት ስንቆልል ኖርን፣ ጆሮዬን እስክከፍል ድረስ፣
ያቺን ዝምታ አላገኘናትም፣ እሱ ባርኔጣውን ይዞ እስኪደርስ።"

አራት ወር አብሯቸው መታ። አምስተኛው እሱ ነው፤ ካሴቱ ላይ ስሙ የለም።
በጥር ሞተ። ከዚያ ወዲያ ፈረሱ አይባልም፤
መምጣት ነው የተዉት፤ በየተራ።
ሎርና ሰድበሪ ነርስ ሆነች፤ ቪቶ የጣራ ክዳን ይሸጣል፣
ማርጎ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም፤ መጋዟ ኦሬስት ጓዳ ተሰቅሏል።

ትናንት ሌሊት፣ በቁርጥራጭ ብረቱ ግቢ፣ መፍጫው መዝለል ጀመረ።
ሁለት፤ ዝም።
ግራሶ ይዤ ሮጥኩ፤ የምከፈለው ለዚህ ነው።
ኦሬስት ቀኝ ጆሮውን አዘንብሎ ጣቱን አነሳ፦
"ቆይ" አለ።
"ትንሽ ይበላ።"