ከት

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ብሩክስ፣ አልበርታ፣
ነፋሱ በረዶን በመስኮት ሲመታ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወርደናል፤
ከሥጋ ፋብሪካው በቀጥታ መጥተናል።
የቆባችን መስመር ግንባር ላይ ይታያል፣
ጣቴም ቢላ እንደያዘ ታጥፎ ቀርቷል።

ሚስዝ ዶሪን ጻፈች፣ በትልቁ አድርጋ፣
"ከት"።
እኔማ ይቺን ቃል አውቃታለሁ በሥጋ፦
ትከሻ ከት፣ ታፋ ከት፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣
ሰንሰለቱ ሲያመጣ ስቀበል አራት ዓመት።

"እሱ አንዱ ነው" አለች፣ "ገና ስንቱ አለ!"
እጇ በሰሌዳው ቁልቁል ተንከባለለ፦
ከክፍል መቅረት ከት። ተራ መዝለል ከት።
ቼክ መጻፍም ከት ነው። ፊልም ማቆምም ከት።
ሕፃን ድዱን ቀድዶ ጥርስ ሲያበቅል፣ ከት።
ውስኪን በውሃ ማቅጠን፣ ወሬን ማሳጠር፣
"ተው፣ በቃህ!" ማለትም፣
"እስቲ ትንሽ ራራልኝ" ማለትም...

ፊሊፒኖው ሮዴል፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣
እጁን አወጣና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
"ሚስ፣ ይሄን ሁሉ ሥራ ብቻውን የሚሠራ ቃል
ኦቨርታይም ይከፈለዋል?"

ከት ብዬ ሳቅሁ።
ከሳቅሁ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው፦
የእኛ ከት ቢላ የለውም፤ ጥርስ ብቻ ነው ያለው።

ሐሙስ ጧት ክሬግ ጠራን።
ያወለቀው ኮፍያ ደረቱ ላይ፣ ዐይኑ መሬት፣
"ሰዓታችሁ ከት ሆኗል፤ ከአርባ፣ ወደ ሃያ አራት።"
ሰው ሁሉ ዝም አለ።
እኔን ግን ያቺ ቃል፣ የሮዴል ጥያቄ፣
አሳልፋ ሰጠችኝ፤ አመለጠኝ ሳቄ።
"ምኑ ነው የሚያስቀው?"
መልሱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚባል ጠፋኝ።
ኦቨርታይም ያልንለት ቃል
የወር ኪራዬን ይዞ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

ያን ማታ ካልኩሌተር፣ የመብራት፣ የጋዝ ወረቀት።
"ኬብሉን ቁረጠው" አለች እማዋይሽ፣
ከወረቀቱ ቀና ሳትል፣ "አንዱን ስልክም።"
ይኸው፣ ቤታችንም ገባ፣ በአማርኛ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ሰሌዳው ባዶ ነበር።
"ቁርጡን ልንገራችሁ" አለች።
እሷ እንዲህ አላለችም፤ እኔ ነኝ በልቤ የተረጎምኩት።
በጀቱ ተቆርጧል። ክፍሉ ዛሬ ያልቃል።
ከዚያ ማርከሩን ዘረጋችልኝ፦
"ዛሬ አንተ አስተምረኝ። በእናንተስ እንዴት ነው?"

"ቆረጠ" ብዬ ጻፍኩ፣ በገዛ ፊደሌ፤
ሰሌዳ ፊት መቆም የመጀመሪያ ዕድሌ።
ቀን ይቆረጣል፣ ለሠርግ።
ሆድ ይቆርጣል፣ ያደረ ከበሉ።
ልጅ ቁርጥ አባቱን ይመስላል፣ ማንም ስለት ሳያነሳ።
ትኬት ይቆረጣል፤ ለአውቶቡስም፣ ለሎተሪም።
አልመለስም ያለ ሰው ቆራጥ ነው።
ተስፋም ይቆረጣል።

"ተስፋ? በምን?"
የአጥንት፣ የስብ፣ የቆዳ ቢላ ይዤ አውቃለሁ፤
ለዚህ የሚሆነውን ፈልጌ አጥቻለሁ።
"እንጃ" አልኳት። "ሲቆረጥ ድምፅ የለውም።"
ደብተሯ ላይ አሰፈረችው፣ ቃል ሳትናገር።

ለካ ኬክ ይዛ መጥታለች፤ የፕላስቲክ ቢላ።
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ባለሙያ ማን አለ ሌላ?
እጄ ተንቀጠቀጠ፤
በሰንሰለት የማይሄድ ነገር ቆርጬ አላውቅም።
አሥራ አንድ ነበርን። አሥራ ሁለት አወጣሁ።
"ይቺ የማን ናት?" አለች፣ የተረፈችውን እያየች።
"የቃሉ" አለ ሮዴል። "ኦቨርታይሙ።"

ያኔ ሚስዝ ዶሪን፣
ዐይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣
ከት አለች፤
በእኛው።