ማለፊያ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሽቱትጋርት ዳርቻ፣
የአባቴ የኤግበርት ሥራው አንድ ብቻ፤
ከፊቱ ለሚያልፍ ለሞተሩ ጭፍራ
የፕላስቲክ ቆብ ከፊልትሮው ጋራ
ገጥሞ፣ አጥብቆ፣ "ማለፊያ ነው" ብሎ
ለጎረቤቱ እጅ ማሳለፍ ነው ቶሎ።

ዛሬ በእኔ ጋራዥ፣ ክሪክ ላይ ወጥታ፣
አንዲት ግራጫ መኪና፣ ባለ ሁለት ቦታ፣
ሆዷን ሰጥታናለች።
ባለቤቷ ቪብከ፣ የላምና የፈረስ ሐኪም፣
ቅዳሜ እሽቅድምድም ሜዳ ካልዞረች አታገግምም።
"ቀይሪልኝ" አለች፣ "ፊልትሮውን ከነቤቱ፤
ያለኝ ሞተር አንድ ነው፣ አስፈራኝ ሙቀቱ።"

ሐሙስ ሐሙስ አባቴ ይመጣል፤
ወንበር ይስባል፣ ጋዜጣ ይዘረጋል፣
ከጋዜጣው በላይ እጄን ያያል።
"ስቬንያ፣ የፋብሪካው ነው፤ መሐንዲስ ያሰበበት።
ምን ጎደለውና ነው እጅሽን የምታስገቢበት?"

አልመለስኩም። ቆቡን ፈታሁ።
ለብ ያለ ጥቁር ዘይት በክንዴ ወረደ፣
እጅጌዬ ውስጥ ሄደ።
ከቤቱ ግርጌ፣ በሞላ የተያዘች፣
ጥፍር የምታህል ቫልቮላ ተቀምጣለች።
ማለፊያ ናት ስሟ።
ዘይቱ ሲወፍር በብርድ ማለዳ፣
ወረቀቱ ሲደፈን፣ ግፊቱ ሲጎዳ፣
ሞተር ደም እንዳያጣ በሯን ትከፍታለች፤
ያልተጣራውንም "እለፍ" ትለዋለች።

ደግነት ነው ይላል አባቴ፤ ከጥም
ድፍርስ መጠጣት ይሻላል፣ ማንም አይሞትም።
እኔ ግን አይቻለሁ፦ ሞላዋ የላላ ለት
ብርድ አትል ሙቀት አትል፣ ክፍት ናት፣ ሁልጊዜ ክፍት።

አዲሱ ከአንድ አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የወጣ፤
ስውር በር የለውም። የሚመጣው ይምጣ፣
ጠብታው ሁሉ በወንፊቱ ይሄዳል፤
ከወንፊቱ ያመለጠ ማግኔቱ ላይ ይቀራል።

"ሲደፈንስ?" አለ፣ መነጽሩን ገፍቶ።
"ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በፊት መለወጥ ነው፣ ፈትቶ።"
"ቪብከ ብትረሳስ?"
"ሞተሩ ይደርቃል።"
"አየሽ!" አለ አባቴ፣ "የእኔው ይሻላል።"

ያኔ ነው አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ የቆረጥኩት፤
ወረቀቱን እንደ አኮርዲዮን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፣
እጥፍ በእጥፍ፣ አምፖል ሥር፣ ፈተሽኩት።
ንጹሕ ነው።
ጠቆር ከማለቱ በቀር፣ ንጹሕ ነው።

አባቴ ሳቀ። ጋዜጣውን አጠፈው።
እኔ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቀስ አድርጌ፣
ሰደድኩት ከፈሰሰው ዘይት፣ እስከ ገንዳው ግርጌ።
ሲወጣ ጺም አብቅሏል፤ ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣
ከዓሣ ቅርፊት የደቀቀ ደቃቅ።

ወረቀቱ ካልያዘው፣ ይህ ሁሉ በየት አለፈ?
አልጠየቅኩትም። ጥያቄው ራሱ ጠረጴዛው ላይ ተንሳፈፈ።
አባቴ አንዷን ፍንጣሪ በአውራ ጣቱ አንሥቶ
ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ቆየ፣ አሽቶ አሽቶ።
"የኩሽኔታ ነው" አለ።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ሲቆጥር፦
"በቀን መቶ አርባ… በዓመት…"
ተወው።

"ያንተ ጥፋት አይደለም" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤
እሱም ሌላ ቫልቮላ ነው፣ በሞላ የሚከፈት በር።
ዋጥኩት።

ጥቂት ቆየና ኮቱን ወንበሩ ላይ ጣለ፤
የጎማ ቀለበቱን በንጹሕ ዘይት ቀባው፣ ጣቱን እየነከረ፣
ዙሪያውን፣ ሁለቴ፣ አንድ ቦታ ሳያስቀር።
አዲሱን ቤት ራሱ ገጠመ።
"ሃያ አምስት ኒውተን ሜትር፤ ከዚያ አትለፊ" አለ።

አስነሣሁት።
ሦስት ሰከንድ የግፊቱ መርፌ ዜሮ ላይ ተኛ፤
በነዚያ ሦስት ሰከንዶች አልተነፈስንም እኛ።
ከዚያ ቀና አለች፣ ወጣች፣ ቆመች።

አባቴ ረጅሙን ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ
እጀታው ላይ ጆሮውን አስደገፈ፣ አንገቱን አዘንብሎ፤
ኩሽኔታው የሚለውን ሊሰማ፣ በብረቱ በኩል።
"ለቪብከ ደውዪ። ቅዳሜን ትተወው። ያየነውን ሁሉ ንገሪያት፤
ማግኔቱንም አሳያት።"
አሮጌው ቆብ በኮቱ ኪስ ገብቷል፤ መቼ እንዳስገባው አላየሁም፤
ዘይት በጨርቁ እየወጣ ነው፣ እሱ አላወቀም።

"ማለፊያ ነው?" አልኩት፣ ገና ሲያዳምጥ፣ ካቻቪቴው ከጆሮው ጋራ።

"ቆይ" አለኝ፤ "ይጣራ።"