ዝም ያለ በርሜል

እናቴ ያድቪጋ፣ የሳንዶሚዬሽ ሰው፣
የገናን ገሃድ ስትጠራን ስልኳን ያነሣችው
አንዲት ቃል ልትነግረን ነበር፣ እጅግ አጭር፦
«ላስቲክ ይዞ የመጣ ከበረዶው ይደር።»

እኔና ካሊና መች ሰምተናት ኖሮ!
ገባን በስድስት ፌስታል፣ ሹካውን ጨምሮ፣
አንዴ የሚጎርሱበት፣ ወዲያው የሚጥሉት።
አንዱን አንሥታ አየችው እንደ መራራ መድኃኒት፤
«ይሄ ሹካ ይበልጣል ከልጅህ ልጅ ዕድሜ፤
ይህን ጉድ ልውለድ ወይ ለአንዲት ምሽት ጾሜ?»
ኋላ አስመለሰችን፣ መኪናው ውስጥ ቆለፍን፣
እንደ ተቀጣ ልጅ እጃችንን አጥፈን።

ሳህኑ ሁሉ ውሰት ነው፣ አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤
ጠርዙ የተሸረፈ አለ፣ ማንም አያፍርበትም።
ከጨርቁ ሥር ድርቆሽ፣ ወጉ ነው የሀገሩ፤
የሌሽኮ ፈረስ ነው የዚህ ባለ ብድሩ፣
ነገ ጧት ይመለስለታል ሳይጎድል ከቁጥሩ።
ጥድ አልተቆረጠም፤ ፖም ነው እንደ ጉትቻ
ከአባቴ ኮት መስቀያ ላይ የተንጠለጠለው ብቻ።
ኮቱ ከወረደ ስድስት ገና ሆነው።

ምግቡ አሥራ ሁለት ዓይነት፣ በሐዋርያት ቁጥር፤
«ቁጥሩን ጠብቁ እንጂ፣ ማን አለ በገንቦ ይሰፈር?»
ቀይ ሥሩ ከነልጣጩ ከርሟል በማሰሮ፣
እንጉዳዩ ከመስከረም ጫካ፣ በክር ተደርድሮ፣
ጎመን፣ አተር፣ የደረቀ ፕሪም።
ዓሣዋ አንዲት ናት፣ ለዘጠኝ የተቆረጠች፤
ራሷ ለሾርባ፣ አጥንቷ ለድመት ተሰጠች፣
ቅርፊቷን በየቦርሳችን አንዳንድ አርጋ ከተተች፣
ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ እንዳይነጥፍብን።

አንዲት ሳህን ትተርፋለች፣ ሁልጊዜም፣ በወጉ፣
ላልተጠበቀ እንግዳ፣ መንገድ ለጨለመበት።
አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ማንም ሲቀመጥባት
አላየሁም።

ልጄ ሊልካ ከመስኮቱ «ኮከብ! ኮከብ!» ስትል
በሩ ተንኳኳ።
አንድ ሰው ቆሟል፣ ልብሱ ብርቱካንማ፣
ጢሙ ላይ በረዶ፣ ድምፁ የማይሰማ፤
«ቪቶልድ ነኝ» አለ፣ «የቆሻሻ መኪና ሾፌር፤
ሦስት ሳምንት ሆነው በርሜልሽ ካልወጣ ከበር።
አሮጊት ብቻዋን… ብዬ… ይቅርታ፣ እመቤቴ፣
ሞተሽ መስሎኝ ነው።»
ሳቀች እናቴ፣
መቃኑን ይዛ ሳቀች ዕንባዋ እስኪፈስ ድረስ።
ቆሻሻ የሌለው ቤት የሌለው መስሎት ነፍስ!

ባዶ በርሜል ይጮኻል ሲባል ነው የምሰማው፤
የእናቴ ዝም ብሎ፣ ዝምታው ነው የተሰማው።
እኛ ልጆቿማ፣ እውነቱን ለመናገር፣
ከጠራችን ወዲህ ደውለን አናውቅም ነበር።

ስሱን ቂጣ ቆረስን፣ ዘይት ካጠቆረው ጣቱ።
ሳህኗ ትጠብቀው ነበር፤ ምግቡ ግን ተሰፍሮ አልቋል!
ልክ ማወቅም እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ ያሳፍራል።
ዝም ተባባልን።
እናቴ ማንኪያዋን አንሥታ ከራሷ ቀነሰች፤
ካሊና አተሯን፣ ሊልካ ግማሽ ዓሣዋን ሰጠች፤
እኔም እንጉዳዬን፣ ቅር እያለኝ፣ እውነት ነው።
ዞሮ ዞሮ ያን ምሽት ጢም ብሎ የሞላው
ያ የትርፉ ሳህን ብቻ ነው።
ሲነጋ ድርቆሹን ለፈረሱ መለስን።

ዛሬም በየሐሙሱ በርሜሏን ታወጣለች፣
ባዶውን፣ አጥባ ወልውላ፣ ከበሩ ታቆማለች።
ቪቶልድ መኪናውን ገታ ያደርጋል፣ ከፍቶም አያይ፤
በጓንቱ ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል ከላይ።
እሷም ከመጋረጃው ጀርባ
እጇን ታነሣለች።